ሮኬቱ ተነሣ፤ ሜንማ ግን አልሄደችም

ስለ ሞትና ከሞት በኋላ ስላለው ነገር የተሠሩ አኒሜዎች (የጃፓን የአኒሜሽን ሥራዎች) አብዛኞቹ ያኛውን ዓለም ራሱን ሊያሳዩን ይሞክራሉ። ዳኛ ያስቀምጣሉ፣ በር ይሠራሉ፣ ማን የት እንደሚገባ ሕግ ይደነግጋሉ። «አኖሃና» ይህን ሁሉ ትቶታል። በ11 ክፍሎቹ ውስጥ አንዴም ከዚህ ዓለም አይወጣም። የሚያሳየን የሞተች ጓደኛቸውን ለመሸኘት አምስት ወጣቶች የቀን ሥራ እየሠሩ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፣ ሽማግሌ ሲለምኑ፣ ሮኬት ሲያሠሩ ነው። ከዚህ በታች ስለ መጨረሻው በግልጽ ስለምናገር ያላያችሁት ብታዩት ይሻላል፤ አንዱ ክፍል ከግማሽ ሰዓት በታች ስለሆነ ሙሉው በሁለት ምሽት ያልቃል።

ተከታታዩ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 2011 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በጃፓኑ ፉጂ ቴሌቪዥን የታየ የኤ-ዋን ፒክቸርስ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ታትሱዩኪ ናጋይ፣ ጸሐፊዋ ማሪ ኦካዳ፣ ገጸ ባሕርያቱን የሳለው ማሳዮሺ ታናካ ናቸው። ታሪኩ ያለበት ቦታ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ በሳይታማ ግዛት በተራሮች መካከል ያለችው የቺቺቡ ከተማ ናት። ኦካዳ ያደገችው እዚያው ነው፤ በልጅነቷም ትምህርት ቤት መሄድ አቁማ ቤት ትውል እንደነበር ራሷ ጽፋለች። ዋናው ልጅ ጂንታ ያዶሚ ከቤት የማይወጣ፣ ጎረቤት እንዳያየው ኮፍያውን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ ነው። የዚህ ልጅ ዕፍረት ያን ያህል እውነት የሆነው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

ጂንታ ልጅ እያለ የስድስት ጓደኛሞች አለቃ ነበር። ጫካ ውስጥ ጎጆ ነበራቸው፤ «ምሥጢራዊ ቤታችን» ይሉታል። አንድ ቀን አናሩ የምትባለዋ ልጅ በሁሉም ፊት «ሜንማን ትወዳታለህ?» ብላ ጠየቀችው። እሱ አፍሮ «እሷን አስቀያሚ ማን ይወዳል!» ብሎ ሮጦ ወጣ። ሜንማ በዚያው ቀን ወንዝ ውስጥ ወድቃ ሞተች። ይቅርታ የሚባልበት ነገ ሳይመጣ ቀረ፤ ልጆቹም ተበታተኑ። ከዓመታት በኋላ፣ ሁለተኛ ደረጃ በሚገባበት ዕድሜ ላይ ሳሉ፣ በአንድ የበጋ ቀን ሜንማ ጂንታ ቤት ተገኘች። ምኞት አለኝ፣ ፈጽሙልኝ አለች። ምኞቷ ምን እንደሆነ ግን ራሷም አታስታውስም።

የሙታን ታሪክ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚበላሸው የመንፈሱ ሕግ ነው። አንዴ በግድግዳ ያልፋል፣ አንዴ በር ይከፍታል፤ ደራሲው እንደተመቸው ይለዋውጠዋል፤ ተመልካቹም ማመኑን ይተዋል። እዚህ ሕጉ ጥቂት ነው፤ እስከ መጨረሻው ትዕይንት ድረስም አይጣስም። ሜንማን የሚያያትና የሚሰማት ጂንታ ብቻ ነው። አካል ግን አላት። ትከብዳለች፤ ተኝቶ ሳለ ሆዱ ላይ ስትወጣበት ትንፋሽ ያጥረዋል። ትበላለች፣ በር ትከፍታለች፣ ዕቃ ታነሣለች። አድጋለችም፤ በሕይወት ብትኖር በምትሆንበት ዕድሜ መልክ ነው የመጣችው፤ አነጋገሯና ሐሳቧ ግን የልጅ እንደሆነ ቀርቷል።

ከዚህ ሕግ የሚወጣውን ተመልከቱ። ለሌሎቹ አትታይም፤ የነካችው ዕቃ ግን ይታያል። ስለዚህ ጂንታ እብድ አለመሆኑን የሚያስረዳበት መንገድ አለው፤ ያ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ በእጅ የተሠራ ነገር ነው። ሜንማ የጂንታ እናት ትጋግረው የነበረውን በእንፋሎት የሚበስል ዳቦ ትሠራለች፤ እሱ ወስዶ ለጓደኞቹ ይሰጣል። የሚበሉት ሰዎች ምን እንደበሉ አያውቁም ወይም ማመን አይፈልጉም። በኋላ በዓይናቸው ፊት የድሮ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ እስክሪብቶው ብቻውን ሲሄድ ያያሉ። ያ ትዕይንት ጩኸት የለበትም፤ የልጅ እጅ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በፊት የነበረው ጥርጣሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ጥያቄ ይዞራል። ካለች፣ ለምን ለእሱ ብቻ?

ይህ «ለምን ለእሱ ብቻ» የተከታታዩ ሞተር ነው። ዩኪአትሱ የተባለው ጎበዝና ቆንጆ ተማሪ ያን ዕለት ለሜንማ የፀጉር ጌጥ ሊሰጣት ሞክሮ እንቢ ተብሏል። ልጅቷ መጥታ ለተቀናቃኙ ብቻ መታየቷን ሊሸከመው አልቻለም። በአራተኛው ክፍል የእሷን የመሰለ ነጭ ቀሚስና ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጎ በሌሊት ጫካ ውስጥ ሲሮጥ ይያዛል። ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ ይስቃል፤ እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ በጣም ደፋሩ ትዕይንት ይኸ ይመስለኛል። ሐዘኑን ለማንም መናገር ያልቻለ ሰው ሟቿን ራሱ ላይ አለበሳት። ደራሲዋም አላሾፈችበትም፤ በሚቀጥሉት ክፍሎች ሰውነቱን ሳትነፍገው ከዚያ ዕፍረት ጋር እንዲኖር ታደርገዋለች።

ለጃፓናዊ ተመልካች ግልጽ የሆኑ፣ ለእኛ ግን ሊያመልጡን የሚችሉ ነገሮች አሉ። በሜንማ ቤትም በጂንታ ቤትም ቡትሱዳን አለ። ይህ በሮች ያሉት ቁም ሣጥን መሰል የሟቾች መታሰቢያ ነው፤ በውስጡ የሟቹ ስም የተጻፈበት ጣውላ ይቆማል፣ አጠገቡ ፎቶ፣ የዕጣን ዘንግ የሚተከልበት አመድ ያለው ሳህን፣ ትንሽ የናስ ደወል አለ። ሰው ይንበረከካል፣ ዕጣኑን ያበራል፣ ደወሉን መታ ያደርጋል፣ እጁን ገጥሞ ዝም ይላል። ጠዋት ጠዋት ከተቀቀለው ሩዝ አስቀድሞ ለሟች ማቅረብ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሜንማ የምትበላ መንፈስ መሆኗ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሟች በየቤቱ ሲቀርብለት የኖረ ነውና።

ታሪኩ በበጋ የሆነውም በአጋጣሚ አይደለም። በአብዛኛው ጃፓን ከኦገስት 13 እስከ 16 የኦቦን በዓል ይከበራል፤ የሟቾች ነፍስ በእነዚያ ቀናት ወደ ቤቷ ትመለሳለች ይባላል። በ13 ምሽት ደጃፍ ላይ በሸክላ ሳህን የደረቀ የሄምፕ አገዳ ይነድዳል፤ መንገድ እንዳትስት ነው። መሠዊያው ላይ የእንጨት እግር የተሰካለት ኪያርና ደበርጃን ይቀመጣል። ኪያሩ ፈረስ ነው፣ ቶሎ እንድትመጣ፤ ደበርጃኑ ላም ነው፣ ስትሄድ ቀስ ብላ እንድትሄድ። በ16 ምሽት ሌላ እሳት ተነድዶ ትሸኛለች። መቀበያ እሳት ካለ መሸኛ እሳት የግድ ነው፤ ያልተሸኘ መንፈስ ይቅበዘበዛልና። ሜንማ በበጋ መጥታ መሸኛ ያጣች እንግዳ ናት። ልጆቹም ደጋግመው የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ ምኞቷ ከተፈጸመ ታርፋለች፣ ወደሚቀጥለው ልደቷ ትሄዳለች። ቡድሂስቱ የጃፓን ቤተሰብ ለሟች 49 ቀን በየሰባቱ ይቆጥራል፤ አርባ ለሚያወጣ ሰው የቀን ቆጠራውን ጭንቀት ማስረዳት አያስፈልግም። ሜንማ ያ ቀን አልፏታል፤ ዓመታት አልፈዋል።

ምኞቷን ሲፈልጉ መጀመሪያ ልጅ የሚመኘውን ይሞክራሉ፤ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ያልያዘችውን ፍጡር ይይዙላታል። አይሆንም። ከዚያ ደብተሯን ከእናቷ ለምነው ሲያመጡ፣ ልጆች ሳሉ ያቀዱትን ነገር ያገኛሉ። የጂንታ እናት ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ትድን ዘንድ ለአምላክ ደብዳቤ መላክ ፈለጉ፤ ደብዳቤው ሰማይ እንዲደርስ ደግሞ ሮኬት መሥራት።

ይህ ሮኬት የደራሲ ፈጠራ አይደለም። በቺቺቡ የዮሺዳ መንደር በየዓመቱ በኦክቶበር ሁለተኛ እሑድ፣ በሙኩ ቤተ መቅደስ በዓል፣ ገበሬዎች በእጃቸው የሠሩትን ሮኬት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ሪዩሴይ ይባላል። ወደ 30 የሚሆኑ ሮኬቶች ቀኑን ሙሉ በየተራ ይተኮሳሉ፤ የሚሠሯቸው የየራሳቸው ምሥጢርና ስም ያላቸው ቡድኖች ናቸው። በ2018 የጃፓን መንግሥት በጠቃሚ ሕዝባዊ ቅርስነት መዝግቦታል። (ያው ቤተ መቅደስ በኖቬምበር 1884 የሐር ዋጋ ወድቆ በዕዳ የታነቁ ገበሬዎች ለአመፅ የተሰበሰቡበት ግቢ ነው። ሰዎቹ ከዚያ ቦታ ወደ ላይ አቤት ማለት የጀመሩት ከአኒሜው በፊት ነው።)

አሠራሩን ማወቅ አሥረኛውን ክፍል በሌላ ዓይን እንድናይ ስለሚያደርግ ጠጋ ብለን እንየው። ቧንቧው የጥድ ግንድ ነው። ግንዱ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይቦረቦራል፣ ተመልሶ ይገጠማል፤ ከዚያ በተፈተለ የቀርከሃ ቀለበት ከታች እስከ ላይ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል። ቀለበቱ ሲላላ መጋጠሚያው ይተነፍሳል፤ እሳቱ በጎን ይወጣና ሮኬቱ አቅጣጫውን ይስታል። ባሩዱ ፖታሽየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ ነው። ለጠመንጃ የታወቀው ምጥን ከ100 እጅ 75፣ 15 እና 10 ነው። ሮኬት ግን መግፋት እንጂ መፈንዳት አይፈልግም፤ ስለዚህ በጠቅላላው የባሩድ ሮኬት ሠሪዎች ከሰሉን ከፍ ያደርጉታል፤ ያኔ ቀስ ብሎ ይነድዳል። እያንዳንዱ ቡድን የሚደብቀው ምሥጢር ይኸው ልክ ነው።

ከዚያ አሰልቺው ሥራ ይመጣል። ባሩዱ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በመዶሻ እየተመታ ይጠቀጠቃል፤ ያው ክብደት፣ ያው ምት፣ እያንዳንዱ ድርብ ከታችኛው ጋር አንድ አካል እስኪሆን። አንዱ ድርብ ላላ ካለ፣ ወይም ሲደርቅ ስንጥቅ ከያዘ፣ እሳቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ የሚነድደው ገጽ በአንድ ጊዜ ይሰፋል፤ ጋዙ መውጫ ያጣና ቧንቧው ማማው ላይ ሳለ ይፈነዳል። ጠቅጥቀው ሲጨርሱ ከታች በኩል በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ያወጣሉ። ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ ያው ፍንዳታ ነው፤ አጭር ከሆነ ግፊቱ ስለማይበቃ ሮኬቱ ትንሽ ተነሥቶ ይወድቃል። ወራት የፈጀ ሥራ በእነዚህ ጣት በማይሞሉ ልዩነቶች ይወሰናል።

ጅራቱ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም የቀርከሃ ዘንግ ነው። ዘንጉ የሮኬቱን ሚዛን ወደ ታች ስቦ አፍንጫውን ወደ ላይ ያቆየዋል፤ ካጠረ ሮኬቱ አየር ላይ ይገለባበጣል፤ ከከበደ ደግሞ ከፍታ ያጣል። አናቱ ላይ ዣንጥላ፣ ባለቀለም ጭስ፣ ፓራሹት የመሳሰለ «ሸክም» ይታሰራል፤ እሳቱ ባሩዱን ጨርሶ አናት ሲደርስ ይከፈታል። ጥሩ ሮኬት ከ300 እስከ 500 ሜትር ይደርሳል። ከመተኮሱ በፊት አንድ ሰው በዜማ የቡድኑን ስምና የስለቱን ምክንያት ያውጃል። ተከታታዩ ባለቀ በጥቂት ወር፣ በኦክቶበር 2011 በዓል ላይ፣ በአኒሜው ስም የተሠራ ሮኬት ተተኩሷል፤ አዋጁን ያሰማችው ለሜንማ ድምፅ የሰጠችው አይ ካያኖ ናት።

እንግዲህ ታሪኩ ውስጥ ሊበላሽ የሚችል ነገር ሞልቷል። ገንዘቡ ሊጎድል ይችላል፤ ጂንታና ጓደኞቹ ሥራ እየደራረቡ ያገኙታል። የሜንማ ቤተሰብ ሊከለክል ይችላል፤ ይከለክላልም፣ ከዚያ ይለመናል። ባሩዱ ሊፈነዳ ይችላል። ተራ ደራሲ ሮኬቱን እስከ መጨረሻው ክፍል አቆይቶ፣ ሲነሣ ሜንማን አብሮ ያሳርጋት ነበር። ኦካዳ ሮኬቱን በአሥረኛው ክፍል ትተኩሰዋለች። ሮኬቱ ምንም አልሆነም። ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከፍ አለ። ጭሱ ሲበተን ልጆቹ ዞር ሲሉ ሜንማ እዚያው ቆማለች።

እኔ በዚህ ተከታታይ ውስጥ የማከብረው ይህን ውሳኔ ነው። ሥርዓቱ በትክክል ተፈጽሟል፤ ጉድለቱ የሥራ ጉድለት አይደለም። ስለዚህ መጨረሻው ክፍል ላይ ልጆቹ ጥፋቱን የሚፈልጉበት ሌላ ቦታ አይቀራቸውም፤ ራሳቸው ጋ ይመጣሉ። ሌሊት ተቀምጠው አንድ በአንድ ይናዘዛሉ። አንዷ ሜንማ ከሄደች ጂንታ ለእኔ ይሆናል ብላ ነበር። አንዱ ለጂንታ ብቻ መታየቷ እንዲያበቃ ፈልጎ ነበር። ሁልጊዜ የሚስቀው፣ ጎጆው ውስጥ የሚኖረው፣ አገር ለአገር የሚዞረው ፖፖ ደግሞ ያን ዕለት ሜንማ በወንዙ ስትወሰድ ማየቱንና ምንም ማድረግ አለመቻሉን ያወጣል። ዙረቱ ሁሉ ከዚያ ወንዝ ሽሽት ነበር። ጂንታም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ አትሂጂ፣ እዚሁ ኑሪ የሚል ልብ ነበረው። ሮኬቱን ያሠራው ሁሉ ለራሱ የሚፈልገው ነገር ነበረው።

እውነተኛው ምኞት ደግሞ ከሮኬቱ በጣም ያንሳል። የጂንታ እናት ልትሞት ስትል ልጇ ዕንባውን መዋጡ አስጨንቋት ነበር፤ ጠንካራ ልሁንላት ብሎ አንዴም አላለቀሰም። ሜንማ ለእሷ ቃል ገባች፤ ጂንታን አስለቅሰዋለሁ ብላ። ልጁ የእናቱን እርም አላወጣም፤ የሜንማንም አላወጣም፤ ቤት ተዘግቶ የቀረው ለዚህ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ያመለጠው ሰው ከዓመት በኋላም ቢሆን መጥቶ እርሙን ያወጣል፣ ማንም ዘገየህ አይለውም። ጂንታ ያን የሚፈቅድለት ሰው የሞተች ልጅ ሆና መጣች። ሜንማ እየደከመች፣ ለእሱም መታየት እየተሳናት፣ ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ትጽፋለች። ጫካው ሲነጋ እነሱ የጀመሩት የልጅነት ድብብቆሽ ይጨረሳል፤ «ሜንማ፣ አገኘንሽ!» ይሏታል።

ይህ የመጨረሻ ትዕይንት በጣም ይጮኻል የሚሉ አሉ፤ በከፊል እስማማለሁ። አምስት ሰው በአንድ ላይ እየተንሰቀሰቀ ሲጣራ፣ ቀደም ብለው በዝምታ የተሠሩት ክፍሎች ይበልጣሉ እላለሁ። ሜንማም አንዳንዴ ከመጠን በላይ ንጹሕ ሆና ተስላለች። ለእኔ ከሁሉ ትክክል የተሳለችው ሰው የሜንማ እናት ናት። ልጆቹ ደብተሩን ይዘው ስለ ምኞትና ስለ ሮኬት ሲነግሯት በቁጣ ትፈነዳለች። የእሷ ልጅ ሞታ እነሱ ያለ ሐፍረት አድገዋል፤ ያደገ አካላቸውን ማየት ራሱ ያማታል። ታሪኩ አያስተካክላትም፤ ይቅርታ እንድትል አያስገድዳትም። የልጆቹ ሐዘን የሚያምረውን ያህል የእሷ አያምርም፣ ያለ ለውጥ ይቀራልም ማለት ይቻላል፤ በጥቂት ደቂቃ የሷ ትዕይንት ሌሎቹን ሁሉ ያስታውሰናል።

ለምታዩት፦ በየቀኑ ሁለት ክፍል ከማየት ይልቅ ከአንድ እስከ አራት ያለውን በአንድ ምሽት ብታዩት ይሻላል፤ አራተኛው ላይ ካልደረሳችሁ መንፈሷ የጂንታ ቅዠት ትሁን ወይስ እውነት የሚለው ጥርጣሬ በደንብ አይጣበቅም። አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን አትለያዩ። በኦገስት 2013 የወጣውን ፊልም ከተከታታዩ በፊት አትጀምሩት። ፊልሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ጓደኛሞቹ ለሜንማ ደብዳቤ ጽፈው እንደገና ሲገናኙ ያሳያል፤ የድሮውን ታሪክ በአብዛኛው በትዝታ ቆራርጦ ስለሚያልፈው ሮኬቱን ለመሥራት የወጣውን ድካም አይሰጥም። ያንን ያላየ ሰው ደግሞ ሮኬቱ ተነሥቶ ሜንማ ስትቀር ምን እንደጠፋቸው አይገባውም።